አባቴን በበርኖስ የሸፈንኩበት ቀን

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ሲፈራ የሚኖረው አንድ ነገር ነው፤ ብርድ። ራስ ምታት ከብርድ ነው፤ የጉልበት ቁርጥማት ከብርድ ነው፤ ሆድ ሲነፋ፣ ዓይን ሲያለቅስ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ሳይቀር «ብርድ መትቷቸው ይሆናል» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። እኔም ብሆን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለልጆች ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ሙቀት ሰው ይገድላል ብሎ የሚነግረኝ ቢመጣ ኖሮ፣ የት ያለ ሙቀት ብዬ እስቅበት ነበር።

አባቴ ከእኔ ይብሳል። ዕድሜው ሰማንያ ሦስት ነው፤ እሱ ግን ሰባ ዘጠኝ ላይ ከቆመ ሰንብቷል፤ ከዚያ የሚያነቃንቀው ሰው አልተገኘም። ሙሉ ዕድሜውን የበግ ጠጉር ሲሸምን የኖረ የሱፍ ሸማኔ ነው። ባና የምንለው ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ የምንለው ጥቁሩ የሱፍ ካባ ከእሱ እጅ ያልደረሰው ዘመድ የለንም። የራሱን በርኖስ ከትከሻው የሚያወርደው ሊተኛ ሲል ብቻ ነው። ከበርኖሱ ሥር ኮት አለ፤ ከኮቱ ሥር ሹራብ፤ ከሹራቡ ሥር ሸሚዝ፤ ከሸሚዙ ሥር ካናቴራ። በጋም ይሁን ክረምት ይህ ሰልፍ አይፈርስም።

ይህ ሰው አንድ የልብ ወዳጅ አለው። ከአንኮበር ገደል በታች፣ ከአልዩ አምባ አለፍ ብለው የሚኖሩ የጥጥ ሸማኔ ናቸው፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ወዳጅነታቸው የተጀመረው በአባቴ ቂልነት ነው። በጉብዝናው ወራት ብልጥ ነጋዴ የሆነ መስሎት ባና በአህያ ጭኖ ቆላ ወረደ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ገበያ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ዘርግቶ የተቀመጠ እሱ ብቻ ነበር። ሰዉ እየመጣ በጣቱ ነካ ያደርግና እየሳቀ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ወጣት መጣ፤ ባናውን አገላብጦ አየና «እጅህስ ግሩም ነው፤ ከአገርህ ስትወጣ ግን የት ትሄዳለህ ብሎ የጠየቀህ ሰው አልነበረም?» አለው። ከዚያም አንዷን ገዝቶ መስገጃ አደረጋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች አልተለያዩም። አንዱ ለኢድ ሲወርድ አንዱ ለፋሲካ ሲወጣ፣ ሞባይል ከመጣ ወዲህ ደግሞ በየማለዳው እየተደዋወሉ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሆናቸው።

ጋሼ በክረምት በጠና ታመው ሆስፒታል ገብተው ነበር። አባቴ ያን ጊዜ ሊሄድ ተነሣ፤ መንገዱ በጭቃ ተዘጋ። መስከረም ሲጠባ የእሱ ጉልበት ታመመ። እያለ እያለ ስድስት ወር አለፈና ሁዳዴ ገባ። ይህ ነገር አባቴን እንቅልፍ ነሣው። በእኛ አገር ወዳጅ ታሞ ሳይጠይቁ መቅረት ቀላል ነውር አይደለም፤ የሚተርፈው በሽተኛ ያስታውሰዋል፤ የማይተርፈውማ ጸጸቱን ለቋሚው ጥሎ ይሄዳል።

«ፋሲካ ይለፍና ይዤህ እወርዳለሁ» አልኩት።

«እስከ ፋሲካ እሱም እኔም እንደምንቆይ ከሰማይ ደብዳቤ ጽፈውልሻል?»

«አባባ፣ አንተ ጾመኛ ነህ። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው። ቆላው ደግሞ ዘንድሮ እየነደደ ነው አሉ፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

«ሙቀት መድኃኒት ነው። ጉልበቴንም ያሽልኛል።»

እውነትም በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። አባቴ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፉ ሳያዞር ነው የሚውለው። ጋሼ ደግሞ ከጎህ እስከ ፀሐይ መግቢያ። ጠያቂውም ተጠያቂውም ሳይቀምሱ የሚውሉበት ጥየቃ መሆኑ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ስኳር አለብኝ ብዬ ከንስሐ አባታችን ፈቃድ የወሰድኩት። ስለዚህ ለራሴ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ለፀሐዩ አንድ ጃንጥላ ያዝኩና ማለዳ ተነሣን።

አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን ሸፍኖ ቆሟል፤ አባቴም በርኖሱን እስከ ጆሮው ስቦ «አየሽ? ሙቀት ሙቀት ስትዪ!» አለኝ። ወደ ታች የሚወርደው መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ አራት ሰዓት አለፈ፤ አምስትም ሊሞላ ሆነ። ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው አንድ መታጠፊያ በወረደ ቁጥር ተሳፋሪው አንድ ልብስ ያወልቃል። ጋቢው ይታጠፋል፤ ሹራቡ ይወልቃል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል። እኔም ሹራቤን አወለቅኩ። አባቴ ብቻ ከአንኮበር እንደተነሣ፣ በጥቁር በርኖሱ ተጠቅልሎ፣ መስኮት አስዘግቶ ወረደ። የመኪናው ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቆ ዝም ያለው ለሽበቱ ክብር ነው።

አልዩ አምባ ስንወርድ ስድስት ሰዓት አልፏል። ከዚያ እስከ ጋሼ ቤት በደህናው ቀን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ባጃጆቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ግን ግራር ሥር ተጋድመዋል። አንዱ ቀና ብሎ አየንና «እትዬ፣ ፀሐይዋ በረድ ትበል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደርሳችኋለሁ። አሁን ጥላ ሥር አረፍ በሉ» አለን። ገበያው ጭር ብሏል፤ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም። የአገሩ ሰው፣ ወጣቱ ሳይቀር፣ ጥላ ፈልጎ ሲቀመጥ አይቼ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። አባቴም «ሰነፎች!» አለና ከዘራውን ይዞ ወደ ፊት ቀደመ። ጃንጥላ ስዘረጋለት «ሴት ነኝ እንዴ?» ብሎ ገፋው።

እየሄድን ተጨዋወትን። ትንሽ እንደሄድን ላብ በፊቱ ይወርድ ጀመር፤ ቆመና ጠረገው። ሁለተኛ ቆመ፤ ጫማዬ ጠበበኝ አለ። ሦስተኛ ሲቆም እያየሁት ላቡ ደርቋል፤ ፊቱ ቀልቷል። እኔም ያ ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆምኩት ሴትዮ፣ ላብ ሰውነትን እንደሚያቀዘቅዝ ስንቱን ልጅ ያሸመደድኩት፣ ምን ብለው ጥሩ ነው? «አየህ፣ ለመድከው!» አልኩት። ይህን ቃል ዛሬም ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል። እሱ መልስ አልሰጠኝም። አባቴ ለቀልድ መልስ ያጣበት ጊዜ እንደሌለም በዚያ ሰዓት አላስተዋልኩም።

ጋሼ ቤት ስንደርስ እሳቸው ደጃፉ ላይ፣ በሽርጥና በስስ ሸሚዝ፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። አባቴን ሲያዩ «ያ ረብ! በዚህ ሰዓት?» ብለው ተነሡና አቀፉት። አቅፈውት ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ግንባሩን በመዳፋቸው ነኩት። «ይግባ፣ ይቀመጥ፤ እኔ ውሃ ላምጣ» ብለው ወደ ጓሮ ሮጡ። ከሞት አፋፍ የተመለሰ በሽተኛ ሲሮጥ እያየሁ ደስ አለኝ፤ ለእግር መታጠቢያ የሚያመጡ ነበር የመሰለኝ።

አባቴን አስገብቼ መደብ ላይ አስቀመጥኩት። ዙሪያውን ተመለከተና «እናትሽ የት ሄደች?» አለኝ።

እናቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ደነገጥኩ። ጭራሽ ደግሞ «በረደኝ» ብሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር ቆሟል። በረደኝ! ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ የሠራሁትን የሠራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ደብረ ብርሃን ሁሉ ነው። «ምች ነው! ንፋስ እንዳይገባ!» ብዬ ጮህኩ። በሩን ዘጋሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ። በርኖሱን እስከ አገጩ ሳብኩና አጠበቅኩለት። አልበቃኝም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጋቢ አየሁና እሱንም ደረብኩለት። እጆቹን ደግሞ በእጄ አሻሸሁ፣ እንዲሞቀው።

በሩ ተበረገደ። ጋሼ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘው ቆመዋል፤ ምራታቸው ከኋላቸው ናት። ያንን ሰው በሕይወቴ ሙሉ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው? አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ልትቀቅዪው ነው?»

«በረደኝ አለ እኮ ጋሼ!»

«ጭንቅላቱ ነድዶ ነው! አውልቂለት! ሁሉንም አውልቂለት!»

እንደ ቀይ ሽንኩርት ላጥነው። በርኖሱ ወለቀ፤ ኮቱ ወለቀ፤ ሹራቡ ወለቀ፤ ሸሚዙ ወለቀ፤ ካናቴራው ደርቆ ከሰውነቱ ጋር ተጣብቋል። ጋሼ የራሳቸውን ሽርጥ አስታጠቁት። የአባቴን እግር ፀሐይ ያየው ያን ቀን ይመስለኛል፤ ነጭ ነው። ተሸክመን ንፋስ ወደሚያልፍበት ደጅ፣ ዳሱ ጥላ ሥር አወጣነው። እኔ ያንን ንፋስ ሳይ እጄ አሁንም ሊሸፍነው ይሄድ ነበር፤ ምራቲቱ ሁለት ጊዜ እጄን በጥፊ መትታ መለሰችው። ጋሼ ከሽመና ጉድጓዳቸው ላይ ለኢድ ታዞ ያለቀ ነጭ ኩታ አነሡና፣ ሳያመነቱ ጀሪካኑ ውስጥ ነክረው፣ አባቴ ላይ ዘረጉት። ሲሞቅ ያነሡታል፤ ይነክሩታል፤ ይመልሱታል። ብብቱን፣ አንገቱን፣ ጭኑን። ምራቲቱ በሰፌድ ታራግባለች። እኔ ውሃ አመላላሽ ሆንኩ።

መሀል ላይ ልጄ ሙት ብዬ ውሃ በአፉ ላፈስለት ስል ምራቲቱ ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ልቡ ሳይመለስ አይሆንም፤ ያንቀዋል። ጤና ኬላ እንዲህ ነው ያስተማሩን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አምና የጎረቤታችን አባት ከማሳ ሲመለሱ ዛፍ ሥር ጋደም አሉ። ደክሟቸው ተኙ ብለን አለፍናቸው። በዚያው ቀሩ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ደወለች። መኪናው ወላድ ሊያመጣ ሄዷል፤ እስኪመለስ ማቀዝቀዛችሁን እንዳታቆሙ አሏት። አላቆምንም። በዚያ ሰዓት የተሳልኩትን ስለት ሁሉ ብፈጽም ኖሮ ዛሬ ቤቴ ውስጥ መቀመጫ በርጩማ አይቀርም ነበር። አባቴ ቢሞት ገዳዩ ፀሐይ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይህን እያሰብኩ ነው ጀሪካን የተሸከምኩት።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው እግሮቹን ነው።

«ሱሪዬን ማነው የወሰደው?»

ጋሼ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደና ተመለሰ። ምራቲቱ ከጤና ኬላ የሰጧትን ሕይወት አድን ዱቄት፣ ያንን ለተቅማጥ የሚሰጠውን፣ በውሃ በጥብጣ በኩባያ አቀረበች። አባቴ ኩባያውን አየ፤ ሰማዩን አየ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት።»

«አንድ ሰዓት ቀርቶኝ ልፍታ? አታሳፍሩኝ።»

ለመንነው። ጋሼ ለመኑት። እኔ ጮህኩበት፤ ተቆጣሁ፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አይሆንም አለ። «ደህና ነኝ» ይላል፤ ምላሱ ደርቆ ቃሉ እየተያያዘ። በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁና ደብረ ብርሃን ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። የሆነውን በሁለት ቃል ነግሬ ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት። የቄሱ ድምፅ ዳሱን ሞላው።

«አንተ ሰውዬ! ሰማህ? አሁን ጠጣ!»

«አባ፣ በስልክ ጾም ይፈታል እንዴ?»

«የልጅ ልጅህን ክርስትና በስልክ አልጠራኸኝም? በስልክ የጠራኸኝ ቄስ በስልክ አዝዤሃለሁ። ራስህን ገድለህ የምታመጣልኝን ጾም አልቀበልህም። እስከ ፋሲካ ድረስ ከማለዳ ጀምረህ ውሃ ትጠጣለህ። ቀኖናህ እሱ ነው!»

ቄሱ አባቴን በእኛ ፊት እንዲህ ተቆጥተውት አያውቁም። አንገቱን ሰበረ። ኩባያውን ተቀበለ፤ ወደ አፉም አስጠጋው። እሰይ ስል ግን መለሰና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ወደ ጋሼ ነው የሚያየው። ጋሼ በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲነክሩና ሲጨምቁ ቆይተው ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። ውሃው በእጃቸው እስከ ክርናቸው ሲወርድ ውሏል፤ አንዲት ጠብታ በአፋቸው አልገባችም።

«እኔ በዚህ ሰው ፊት አልጠጣም» አለ አባቴ። «ታሞ ልጠይቀው ነው የመጣሁት። እሱ ጉሮሮው ደርቆ እኔ የእሱን ውሃ እጠጣለሁ? ቄሱ ይፍቱኝ፤ እኔ ራሴን አልፈታውም።»

እዚህ ላይ መላው ጠፋኝ። ከቄስ በላይ ማንን ልጥራ?

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሡ። ከጀሪካኑ በሌላ ኩባያ ውሃ ቀዱ። አባቴ ፊት ቁጢጥ ብለው «ቢስሚላህ» አሉና ጠጡት። አንድ ጉንጭ ሳይሆን፣ እስከ ታች። ኩባያውን ገልብጠው አሳዩት።

«ይኸው። አሁንስ ምን ቀረህ?»

ምራቲቱ አፏን በእጇ ይዛለች። ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ ዘንድሮ አይጹሙ ብላ እሷ ለምናቸዋለች፤ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ የመስጊዱ ኢማም ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል ብለዋቸዋል። ለማንም እሺ አላሉም ነበር። አባቴ የተገለበጠውን ኩባያ አየ። ከዚያ አማተበና ጠጣ። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ምራቲቱ ሌላ በጠበጠች፤ ያንንም ጠጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ መጠጥ ቤት ወዳጆች ኩባያ ይዘው ተፋጠው ተቀመጡ፤ እኔም የቀረውን ጀሪካን በራሴ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

የጤና ጣቢያው መኪና ሲደርስ ጠያቂው በሽተኛ፣ በሽተኛው አስታማሚ ሆነው፣ የማን እግር ይበልጥ ቀጭን ነው በሚል እየተከራከሩ አገኟቸው። አባቴን ጤና ጣቢያ ወስደው ግሉኮስ ሰቀሉለትና እዚያው አደረ። ነርሷ ያስረዳችኝን እኔ ለተማሪዎቼ ልናገረው የሚገባ ነበር። ሰው ሲያረጅ አካሉ ውሃ እንደጎደለው ቶሎ አይነግረውም፤ «አልጠማኝም» ስላለ አልጠማውም ማለት አይደለም። ላቡም እንደ ወጣት አይወጣም። አባቴ በየቀኑ የሚውጠው የደም ግፊት ኪኒን ደግሞ ያለችውንም ውሃ በሽንት ያወጣታል። ሽማግሌ በሙቀት መሀል ግራ የገባው ንግግር ሲናገር፣ ላቡ ሲቆም፣ በረደኝ ሲል፣ ማውለቅና ማርጠብ ነው እንጂ መሸፈን አይደለም። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ በሙሉ ጋሼ ከጎኔ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ብቻ ስለ በርኖሱ ለማንም አልተናገሩብኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሬ ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩ። ቀን ቀን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉን፤ የደጋ ፀሐይ ናትና ንቀን ትተናቸዋል። አሁን እየዞርኩ ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ግቡ፣ ያቺን ሹራብ አውልቁ እላለሁ። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አንዷ አሮጊት «ደግሞ ይቺ ውሃ ልማት መጣች» ብላኛለች። ምንም አልመሰለኝም። ለአባቴም ከአጠገቡ በርጩማ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ አስቀመጥኩ፤ ጠዋት እሞላዋለሁ፤ ማታ ባዶውን አነሣዋለሁ። የቄሱ ትእዛዝ ስለሆነ አንድም ቀን አላጓደለም።

ኢድ አለፈ። የእኛ ሁዳዴ ገና አላለቀም። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንቆርቆሪያው ጠዋት እንደሞላሁት ሞልቶ ቁጭ ብሏል።

«አባባ፣ ይህ ምንድነው?»

«አልጠማኝም።»

ደሜ ፈላ። ያንን ቃል ለሌላ ሰው እንጂ ለእኔ? ቦርሳዬን ወረወርኩ። ሞትህን ነው የምትፈልገው፣ እኔን ገዳይ ልታደርገኝ ነው፣ ለአባ አሁኑኑ እደውላለሁ እያልኩ ቤቱን ሳናውጠው ስልኬ ጠራ። የጋሼ ምራት ናት።

«እትዬ፣ እኛስ ጤና አላገኘንም። አባባ ያችን ከአባትሽ ጋር የፈቷትን ቀን ዛሬ እየጾሟት ነው፤ ቀዷ ነው፤ የጎደለች ጾም ማካካሻ። ዝናብ ጥሎ ቀዝቅዟል ብለው ተነሡ። ለአባትሽ እንዳይሰማ ብለውኛል፤ ብቻ ጭንቅ ብሎኝ ለአንቺ ነገርኩሽ።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ አባቴ ዞርኩ።

«ጋሼ ነግረውሃል እንዴ?»

«ማን ይነግረኛል? ጠዋት ስደውልለት ቁርስ ቀመስክ ወይ ብዬ ስጠይቀው ወሬ ቀየረብኝ። ሃምሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው።» ማንቆርቆሪያውን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ያቺን ቀን በእኔ ምክንያት ነው ያጣት። ብቻውን ይጹማት?»

ምን ልበለው? ተናደድኩ፤ እውነት ለመናገር ደግሞ ኮራሁበት። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሐኪምም ቄስም ነግረውታል፤ እኔም እናቱን እስኪጠራ ጮኼበታለሁ። ውሃውን በአፉ እንዳልገለብጥበት አባቴ ነው። ከደጁ ፀሐይ አስነሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ብዙ አታውራ አልኩት። ለምራቲቱም መልሼ ደውዬ እሱም እየጾመ መሆኑን ነገርኳት። ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ፈተና እንደምትፈትን መምህር ተቀመጥኩ። በየአሥር ደቂቃው «እኔ ማን ነኝ? ዛሬ ምን ቀን ነው?» እያልኩ ጠየቅኩት። በትክክል እየመለሰ፣ አንዳንዴም እየሰደበኝ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። እንደዚያ ሰዓት የረዘመብኝ ጊዜ የለም።

ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ ለጋሼ ደወለ። ድምፁን ከፍቼ ስልኩን በመካከላችን አስቀመጥኩትና ብርጭቆውን ሞልቼ በእጁ አስያዝኩት።

«አንተ ጅል» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ምራቴ ነገረችኝ። ጠጣ እንግዲህ፣ አዛን አለ።»

«አንተ ቅደም።»

«አንተ ቅደም፤ ያን ቀን እኔ ቀድሜያለሁ።»

«ሁለታችሁም ጠጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ፤ አባቴ አማተበ። የሁለት ሽማግሌዎች ጉሮሮ፣ አንዱ ከፊቴ፣ አንዱ ከገደሉ ማዶ፣ ውሃ ሲውጥ ብቻ ይሰማ ነበር። ማልቀሴን አላወቅኩም።

«ማነው እዚያ የሚያለቅሰው?» አሉ ጋሼ።

አባቴ ብርጭቆውን ለድጋሚ እየዘረጋልኝ «ልጃችን ናት» አላቸው።